ስሟን የማትጠራ እናት

ልጅቷ የጠፋችው ብርቅነሽ ሙዝ ስትመርጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሐምሌ አጋማሽ፤ አትክልት ተራ በጭቃና በጎመን ቅጠል ተለውሷል። ሆስፒታል ለተኛው ባሏ የሚሆን፣ ያልጠቆረም ያልጠነከረም ሙዝ እየለየች ሳለ አንድ ተሸካሚ ጆንያ አዝሎ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ በመካከላቸው አለፈ። ብርቅነሽ ወደ ግራ ሸሸች፣ ልጅቷ ወደ ቀኝ። ጆንያው ካለፈ በኋላ በቀኝ በኩል ማንም አልነበረም።

መጀመሪያ አልደነገጠችም፤ ሙዙን እንኳ ከእጇ አልጣለችም። በእሷ አገር ልጅ አይጠፋማ! ከዱራሜ ወጣ ብላ ባለችው መንደሯ የልጅ እጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢታይ፣ ልጁ ታሟል ነው የሚባለው። ልጅ ጠዋት ከቤት ይወጣል፤ በእንሰቱ መሃል እየተሹለከለከ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የደረሰበት ቤት ያበሉታል፣ ካጠፋም እዚያው ይቆነጥጡታል፤ ሲመሽ ጠግቦም ተቆንጥጦም ይመለሳል። እናቱ የት ዋልክ ብላ የምትጠይቀው ለወሬ ያህል እንጂ ጨንቋት አይደለም።

«ፀሐዬ!» ብላ ተጣራች።

«እህቴ፣ በሐምሌ ፀሐይ ከየት ይምጣልሽ!» አላት ካሮት የሚያጥብ ጎረምሳ፤ አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። የአራዳ ልጅ ለቅሶ ቤትም ቢሆን አፉ አያርፍም። ሁለተኛ ስትጣራ ግን ድምጿ ተሰነጠቀ፤ ጎረምሳው ካሮቱን ጥሎ ተነሳና «ምን ለብሳለች? ስንት ዓመቷ ነው?» እያለ ከፊት ከፊቷ መሮጥ ጀመረ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀይ ሹራብ፤ የፕላስቲክ ጫማ። ሽንኩርት ተራውን፣ የድንች መጋዘኑን፣ የባቡሩን ድልድይ ሥር አሰሱ። ዳገቱን ወጥተው ምኒልክ አደባባይ ደረሱ፤ የጊዮርጊስን አጥር ዞሩ። ብርቅነሽ «ፀሐዬ! ፀሐዬ!» ስትል እኩለ ቀን ሆነ። ሙዙ በእጇ ውስጥ ተጨፍልቆ ነበር።

አዲስ አበባ ከገባች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ባሏ በፍቃዱ ለሥራ ከመጣ ዓመት አልፎታል፤ ግንበኛ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ጭንቅላቱ ተመታ። ስልክ ሲደወልላት የስምንት ወር ወንድ ልጇን ለባሏ እህት ሰጥታ፣ ትልቋን ይዛ ተነሳች። አማቷ አቶ ሎዳሞ «ሴቲቱን ልጄን ለእኔ ተዪልኝ» ብለው ለምነዋት ነበር። እሷ ግን «አባቷን ሳታየው አንድ ነገር ቢሆንስ?» ብላ እምቢ አለች። ሽማግሌው እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ልጅቷን ጫንቃቸው ላይ አድርገው ሸኟት። በወቅቱ ያደረገችው ትክክል ይመስላት ነበር። አሁን ግን ያችን «እምቢ» ምነው ባላልኳት ትላለች።

ያረፉት ሰራተኛ ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው። እህት ሰገን ይባላሉ። የብርቅነሽ አጥቢያ ፓስተር ወደ ፒያሳዋ ቤተ ክርስቲያን ደውለው «የታመመ ወንድም ቤተሰብ የሚያሳርፍልን» ሲሉ፣ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጅቷንም እናቷ እንደምትጠራት ፀሐዬ ይሏት ነበር። ብርቅነሽ በተጨፈለቀ ሙዝና በባዶ እጅ ደጃፉ ላይ ብቅ ስትል፣ እህት ሰገን ጥያቄ እንኳ አላበዙም። ጃንጥላቸውን አነሱና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተነገረ የቀረው አይገባም። በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን እናትና አባት ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻም አይደለም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ፊደል የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። በሊሻ ይሉታል። ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ እየተዉት ነው፤ ፓስተሩም «ኃጢአትም ጽድቅም የለበትም» ብለው ነጻ አውጥተዋቸዋል። ብርቅነሽ ግን አልተወችውም፤ ያልተወችውም ፈርታ አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትዳር እንሰት መፋቅ በወጉ አትችልም ነበር፤ ሙሽራ ለመንደሩ ሴቶች የእጇን ሥራ የምታሳይበት ቀን ሲደርስ የባሏ እናት ማለዳ ተነስተው እሳቸው ፍቀው፣ «ምራቴ እኮ ባለሙያ ናት» ብለው አቀረቡላት። ይህን ምስጢር ይዘው ነው የሞቱት። ስማቸው ቆንጅት ነበር።

እሳቸው ከሞቱ በሁለተኛው ወር ብርቅነሽ ሴት ልጅ ተገላገለች። አቶ ሎዳሞ ሕፃኗን ተቀብለው ፊቷን እያዩ «ቆንጅት» አሏት። ቤቱ በእልልታና በለቅሶ ተናወጠ። ብርቅነሽ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ የገዛ ልጇን በስሟ መጥራት እንደማትችል የገባት እዚያው አልጋዋ ላይ ነው። በማግስቱ ጡት ስታጠባት በለሆሳስ «ፀሐዬ» አለቻት።

እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ለመንደሩ ሁሉ ቆንጅት፣ ለእናቷ ፀሐዬ። ልጅቷ ለሁለቱም አቤት ትላለች። ነገሩን ገና በሦስት ዓመቷ አውቃው ስለነበር የእናቷን የጎደለ ቃል መሙላት ጨዋታዋ ነበር። ብርቅነሽ በአማርኛ ስትናገር እንኳ ልማዷን አትጥልም፤ ቆጮን «ዋሳ» ትላለች፣ ቆንጆን «መልከ መልካም»። ዝናብ ሲመጣ «ያንን ጣራ ላይ የሚንጫጫውን…» ብላ ስትገታ፣ ልጅቷ ከጓሮ «ቆርቆሮ!» ብላ ትጮሃለች፤ አያቷ ይስቃሉ፣ ሕፃኑ ሳይገባው አብሮ ይስቃል። እሑድ መዝሙር ሲዘመር የተከለከለችው ቃል ላይ ሲደረስ ብርቅነሽ አፏን ትዘጋለች፣ ልጅቷ የእናቷንም ድርሻ ጨምራ ጮክ ብላ ታዜማለች። እዚያ አገር ምራት ተጠይቃ ዝም ካለች፣ አጠገቧ ያለ ሰው ይመልስላታል፤ ትልቅም ትንሽም ይህን ያውቃል። ብርቅነሽ አንድም ቀን የሚመልስላት ሰው አጥታ አታውቅም።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ካሕሳይ የሚባል ሳጅን ነበር የተቀበላቸው። ወረቀት አወጣ።

«የልጅቷ ስም?»

ብርቅነሽ ወደ ቀኝ ዞር አለች፣ ወደ ግራም። እህት ሰገን እንባዋን ልትደብቅ መሰላቸውና መሐረብ አቀበሏት።

«ፀሐዬ» አለች።

«የአባት?»

«በፍቃዱ።»

«የአያት?»

ዝም። ሳጅኑ አዘነላት፤ «ይሁን፣ በኋላ ይሞላል» ብሎ አለፈው። ቀጥሎ፣ ደግ ሰው ስለነበር፣ ማንም ያላዘዘውን ጥያቄ ጨመረ። «በቤት በሌላ ስም ትጠሯታላችሁ? አንዳንድ ልጅ ሁለት ስም አለው፤ ሲጠይቁት የትኛውን እንደሚናገር አይታወቅም።»

ብርቅነሽ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ማንም አልመለሰላትም።

«ፀሐዬ ስላት አቤት ትላለች» አለች።

እውነቷን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ይህን ተረት ያወጣ ሰው ልጅ ጠፍቶበት አያውቅም! በሩ ተከፍቶላት ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው። ግን ብርቅነሽን መውቀስ ደግሞ አይቻልም፤ ለእሷ ልጅቷ ፀሐዬ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፏ ሌላ አልወጣም። ያ ሌላው ስም የአማቷ ነው።

ካሕሳይ በሥራው አልሰነፈም። ሕፃናት ማቆያ ቤት ሁሉ ደወለ። «ፀሐዬ በፍቃዱ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ገብታለች?» «የለችም።» ፎቶ ጠየቃቸው፤ ፎቶ የለም፤ የብርቅነሽ ስልክ ቁልፍ ያለው፣ ከመደወል በቀር ሌላ የማይችል ነው። እህት ሰገን በቀጭን የመምህር እጃቸው «ፀሐዬ የምትባል ልጅ ላገኘ» ብለው ሃያ ወረቀት ጻፉና ከአትክልት ተራ እስከ ሥላሴ በየምሰሶው ለጠፉ። ሐምሌ በአንድ ከሰዓት አጥቦ ወሰደው። እንደገና ጻፉ።

ብርቅነሽ ጠዋት ጠዋት ባሏ ዘንድ ትሄዳለች። በፍቃዱ ዓይኑን ይገልጣል፣ ይከድናል፤ አይናገርም፤ ሰው ይለይ አይለይ አይታወቅም። ፊቱን በውሃ ታብስለትና ትወጣለች። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ፒያሳን ትዞራለች። ቀይ ሹራብ ባየች ቁጥር ትሮጣለች። አንዴ የሌላ ሰው ልጅ ትከሻ ይዛ አዞረች፤ እናትየዋ ጮኸችባት፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ይቅርታ የምትልበት አማርኛ እንኳ ጠፍቶባት ቆማ ቀረች። እህል አስጠላት። አጥቢ ናትና ጡቷ አግቷል፤ ጠዋትና ማታ ግድግዳ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ እያለበች ትደፋዋለች። ሁለት ልጆች እያሏት አንዱም በእጇ የለም።

ከሁሉ የሚከፋው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አቶ ሎዳሞ በዚያ ሰዓት ይደውላሉ።

«ልጄስ?»

«ደኅና ናት።»

«አገናኚኝ እስቲ።»

«ተኝታለች፣ አባቴ።»

በማግስቱ፦ «ልጄስ?» «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።» በሦስተኛው፦ «እየታጠበች ነው።» በአራተኛው ሽማግሌው አገናኚኝ ማለቱን ተዉት። «ተቀይማኝ ነው?» አሉ። «እንዳትሄድ ስለከለከልኳት ነው? ንገሪያት፣ ጊደሯ ወለደች በያት።» ብርቅነሽ ስልኩን ዘግታ ኩሽና ገባችና የእህት ሰገንን ድስት ክዳን ነክሳ አለቀሰች። በዚያ ቀን መሞት አምሯት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ሁለተኛውን ልጅ ማን ያጠባዋል ብላ ነው የተወችው።

ሰኞ፣ በሰባተኛው ቀን፣ እህት ሰገን «ዛሬስ አብሬሽ ሄጄ እጸልይለታለሁ» ብለው ሆስፒታል ሸኟት። በፍቃዱ ትራሱን ከፍ አድርገውለት ነበር። ሚስቱን አያት፤ አተኩሮ አያት፤ ከጀርባዋ ያለውን በር አየ፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ከወገቧ አጠገብ፣ ልጅ የሚቆምበትን ቦታ። ከንፈሩን አላቀቀ።

«ቆንጅትስ?»

ልጅቷ ከጠፋች ወዲህ ብርቅነሽ ያን ስም ሰው ሲጠራው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚህ ሁሉ ሰው፣ በዚህ ሁሉ ምሰሶ፣ በዚያ ሁሉ ስልክ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። የአልጋውን ብረት ይዛ ቁጢጥ አለች።

«ቆንጅት ማናት?» አሉ እህት ሰገን።

ብርቅነሽ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ብርቅነሽ፣ ቆንጅት ማን ናት?»

«ልጄ» አለ በፍቃዱ ከአልጋው ላይ። «ትልቋ ልጄ። የታለች?»

እህት ሰገን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ተመለከቱ። አርባ ዓመት ልጆች ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ነገር አይደገምላቸውም። «ፀሐዬ… ስሟ አይደለም?»

ብርቅነሽ ራሷን ነቀነቀች። «የእናቴ ስም ነው። የባሌ እናት። እኔ አልችልም።»

«ሰባት ቀን!» አሉ እህት ሰገን። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው፤ ነርስ ዞር ብላ አየች። «ሰባት ቀን ሙሉ የሌለች ልጅ ስንፈልግ! አንቺ ሴት፣ ጌታ ይቅር ይበልሽ!» እያሉ ግን ስልካቸውን ከቦርሳ እያወጡ ነበር። በፍቃዱ ምን እንደሆነ እየጠየቀ፣ እሳቸው ኮሪደር ላይ ወጥተው ካሕሳይን አገኙት። ካሕሳይ ደግሞ እንደገና ወደየማቆያው ደወለ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ መልሶ ደወለላቸው።

«ቆንጅት የምትባል አለች» አለ። «ከሥላሴ ጀርባ ያለው የበጎ አድራጊዎቹ ግቢ። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ ናት። ግን እትዬ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፋይሏ ላይ እናቷ የካደቻት ነው የሚለው። ነገ ጠዋት ከከተማ ውጭ ወዳለው ማሳደጊያ ልትዛወር ስሟ ወጥቷል። ቶሎ ድረሱ።»

ደረሱ። የብረት በሩን የከፈቱት የግቢው ኃላፊ ወይዘሮ ሸፊቃ ነበሩ፤ ጥቁር ሂጃብ የጠቀለሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያስቀመጡ ሴት። ብርቅነሽን ከራስ ጠጉሯ እስከ ጭቃ ጫማዋ በዓይናቸው ለኳት።

«አንቺ ነሽ እናቷ?»

«አዎ።»

ወይዘሮ ሸፊቃ ፋይሉን ገለጡ። «ስሟን ጠየቅናት፣ ተናገረች። የአባቷን፣ የአያቷን፣ ሁሉንም እንደ ውሃ አንበለበለችው። እናትሽስ የት ናት፣ ስምሽን ጠቅሰን ብናስነግር ትመጣለች ወይ ብንላት ምን አለች መሰለሽ? ‹እናቴ ስሜን አትጠራም› አለች። አማርኛ ባትችል ነው ብለን ቋንቋዋን የሚያውቅ እዚሁ ያደገ ልጅ አመጣን። ‹እናቴ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም።› ሦስት ጊዜ ጠየቅናት፣ ሦስት ጊዜ ይህንኑ።» ፋይሉን ዘጉ። «ስንት ዓመት እዚህ ስሠራ የጣለ አይቻለሁ፣ የሸጠ አይቻለሁ። የልጁን ስም የማይጠራ ግን አይቼ አላውቅም።»

«ልማድ ነው እኮ!» አሉ እህት ሰገን። «በአገራቸው ምራት የአማቷን ስም…»

«እትዬ፣ ይቅርታዎን፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። እናት ነኝ ያለችው እሷ ናት፣ እሷ ትናገር።» ወይዘሮ ሸፊቃ ወደ ውስጠኛው ግቢ ጠቆሙ፤ ከአንድ ረጅም ቤት የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «ልጅሽ ከሆነች ጥሪያት።»

ብርቅነሽ ወደ ግቢው ገባች። «ፀሐዬ!» አለች። ጫጫታው ድምጿን ዋጠው። ከበሩ አንድም ልጅ አልወጣም።

«ፀሐዬ የሚባል ልጅ የለንም» አሉ ወይዘሮ ሸፊቃ ከኋላዋ።

አጠገቧ ያለው ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ እህት ሰገን ያውቁታል፣ ሴትየዋ ያውቁታል፣ በወረቀት ተጽፏል። የሚመልስላት ግን የለም። ብርቅነሽ ዓይኗን ጨፈነች። የአማቷ እጆች መጡባት፤ ሰው ሳይነሳ ስለ እሷ የፋቁ፣ በእንሰት ውሃ የተሰነጣጠቁ እጆች። «እናቴ፣ ይማሩኝ» አለች በአገሯ ቋንቋ። ከዚያ አፏን ከፈተች። በመጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በሁለተኛው ግማሹ ወጣና ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። በሦስተኛው ጊዜ ግን የሰባቱ ቀን ጩኸት ሁሉ አብሮት ወጣ፤

«ቆንጅት!»

ረጅሙ ቤት ውስጥ ጫጫታው ቆመ። «ቆንጅት! ቆንጅቴ!»

በበሩ አንዲት ልጅ ብቅ አለች። ጸጉሯን ላጭተዋታል፤ ከጉልበቷ በታች የሚወርድ የሰው ሹራብ አልብሰዋታል፤ ጉንጯ ጎድጉዷል። እናቷን አየቻት። ግን አልሮጠችም። ማን እንደጠራት ለማወቅ አንዴ ወደ እህት ሰገን፣ አንዴ ወደ ወይዘሮ ሸፊቃ ተመለከተች፤ የሚጠራት ከእነሱ አንዳቸው እንጂ እናቷ ልትሆን አትችልም። ብርቅነሽ ጭቃው ላይ ተንበርክካ እጇን ዘርግታ እንደገና ጠራቻት። የልጅቷ ፊት በድንጋጤ ተለዋወጠ።

ያን ጊዜ ሮጠች። ደርሳ ግን አልተጠመጠመችባትም፤ ትንሿን መዳፏን በእናቷ አፍ ላይ ለጥፋ ከደነችው።

«አማ፣ ዝም በይ!» አለቻት እናቷን በሹክሹክታ፣ ዙሪያዋን እየቃኘች። «ይሰሙሻል!»

ብርቅነሽ ልትናገር ሞከረች። ልጅቷ መዳፏን አጠበቀች፤ ከዚያ አፏን ወደ እናቷ ጆሮ አስጠጋች።

«እኔ አልሰማሁም፣ እሺ? አያቴ ቢጠይቀኝም አልሰማሁም ነው የምለው። አትፍሪ።»

ወይዘሮ ሸፊቃ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ብርቅነሽ ልጇን በሁለት እጇ አቅፋ፣ በዚያች መዳፍ ሥር ሆና፣ ስሟን ደጋግማ ትጠራ ነበር።